ሳሎኑ የማን ነው?

ከአንድ ሰፈር አሥር ቤት መርጠን ብንገባና የባለቤቶቹን ፊት ሳናይ፣ ሳሎኑን ብቻ ተመልክታችሁ ቤቱ የማን እንደ ሆነ ንገሩን ብንባል የምንመልሰው ይጠፋናል። ግድግዳውን ተከትሎ የተደረደረ ሶፋ፤ በሶፋው መደገፊያ ላይ የተነጠፈ ዳንቴል፤ ፊት ለፊት ባለመስተዋት ቡፌ፤ በቡፌው ውስጥ አንድ ቀን ተጠጥቶባቸው የማያውቁ ብርጭቆዎች፤ ከዚያ ቀጥሎ ቴሌቪዥን፤ ከቴሌቪዥኑ በላይ የቅዱሳን ሥዕል ወይም የመካ ፎቶግራፍ፤ በስተቀኝ ካባ ለብሶ፣ ቆብ ደፍቶ፣ የተጠቀለለ ወረቀት ጨብጦ የቆመው የተመረቀ ልጅ፤ በመካከለኛው ጠረጴዛ ላይ አቧራ የጠገበ የላስቲክ አበባ። መጋረጃው ከሶፋው ጋር ይመሳሰላል፤ ሶፋው ደግሞ ከጎረቤት ሶፋ ጋር። የልብስ ሰፊውና የሒሳብ ሠራተኛው፣ ብዙ ያነበበውና ፊደል ያልቆጠረው፣ ከወሎ የመጣውና ከከፋ የመጣው በሳሎናቸው አይለዩም።

መመሳሰሉ ብቻ ቢሆን ባልተናገርኩ። ነገሩ ከዚህ ይብሳል። በቤቱ ውስጥ ካሉት ክፍሎች ሁሉ ሰፊው፣ ብርሃን በደኅና የሚገባበት፣ ወለሉ የማይቀዘቅዘው ክፍል ለሚኖሩበት ሰዎች ሳይሆን በዓመት ጥቂት ቀን ለሚመጣ እንግዳ ተብሎ ይቀመጣል። ቤተሰቡ በጓዳና በመኝታ ቤት ተጨናንቆ ይውላል፤ ሳሎኑ ተጠርጎና ተወልውሎ፣ ሶፋው ጨርቅ ለብሶ፣ ባዶውን ይጠብቃል። ለፈተና የሚያጠናው ልጅ በአልጋ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ደብተሩን ትራስ ላይ ዘርግቶ ያጠናል። ወደ ሳሎን ብቅ ካለም «ሶፋውን እንዳታቆሽሽ!» ይባላል። እንግዲህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ይህ ክፍል የማን ነው?

«አገር ስንት ችግር እያለበት በተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ሶፋና ስለ መጋረጃ ይጻፋልን?» የሚለኝ ጓደኛ እንዳለ አውቃለሁ። ይጻፋል። ሰው በአደባባይ የሚናገረውን ነገር ብዙ ጊዜ ከሌላ ተውሶ ይናገራል፤ በቤቱ ውስጥ ያስቀመጠው ዕቃ ግን ምን እንደሚያከብርና በምን እንደሚያፍር ሳይጠየቅ ይመሰክርበታል። ደግሞም እኛ ተማሪዎች በዚህ ጕዳይ ንጹሖች አይደለንም። በክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ «የተማረው ልጅ ያለው ይሁን» ይባላል። መሶቡን ወደ ጓዳ ያስገባው፣ የአያቱን በርጩማ ለማገዶ ያስፈለጠው፣ «ይህ ጊዜው ያለፈበት ነው» ብሎ የፈረደው ብዙ ጊዜ ይኸው የተማረው ልጅ ነው።

ስለ እናቶቻችን አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፤ በእነሱ ላይ ማሾፍ የዚህ ጽሑፍ አሳብ አይደለምና። በሳሎኑ ውስጥ ያለው ቡፌ እንዲያው የተገዛ ዕቃ አይደለም። የዕቁብ ዕጣ እስኪወጣ ስንት ወር ተጠብቆ፣ ከአስቤዛው ተቀንሶ፣ ከሠፈር አናጢ ጋር ስንት ጊዜ ተከራክሮ የመጣ ነው። በቤቷ ውስጥ የእኔ የምትለው ነገር ጥቂት ለሆነ ሴት፣ ቡፌው መስተዋት የገባለት የድካሟ ምስክር ነው። እንግዳን ማክበርም ቢሆን ደግ ነገር ነው፤ የዚህ አገር ሰው ራሱ ቆሎ ቆርጥሞ ለእንግዳ ዶሮ ማረዱ የሚያሳፍር ባሕርይ አይደለም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እንግዳው በመጣ ጊዜ የሚያየው የብርጭቆውን ብዛት እንጂ የሴትዮዋን ሙያ አለመሆኑ ነው። ዶሮውን የሠራች እጅ፣ ጥጡን የፈተለች እጅ፣ አለላውን የሰፋች እጅ በሳሎኑ ውስጥ ምልክት የላትም፤ ዳንቴሉ ብቻ ሲቀር።

ስለ ዳንቴሉ ደግሞ የተማሩ እኅቶቻችን ይሥቃሉ። ከውጭ አገር መጽሔት ላይ ያዩት ቤት ዳንቴል የለውም፤ ስለዚህ ከቴሌቪዥኑም ከሶፋውም ላይ ገፈው ይጥሉታል። እኔ ግን ለዳንቴሉ እከራከራለሁ። ኪሮሹ ከባሕር ማዶ የመጣ ሙያ መሆኑን አውቃለሁ፤ ምንጩ ከየትም ይሁን ከየት ግድ የለኝም። በዚያ ሳሎን ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ የቤቱ ሰው እጅ ያረፈበት እሱ ብቻ ነው። አበባውን አምስት ቅጠል ልታደርገው ወይስ ስምንት፣ ጠርዙን በቀይ ክር ልትዘጋው ወይስ በነጭ ስትል ያሰበች፣ የፈታች፣ እንደ ገና የሠራች አንዲት ሴት አለች። የራስ ስልት ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ሶፋው በፋብሪካ የተሠራ ነው፤ ቡፌው አናጢው ለሰፈሩ ሁሉ ያወጣው አንድ ንድፍ ነው፤ አበባው ላስቲክ ነው። የምንገፈውም ዳንቴሉን ነው!

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም ብዬ ያለፈውን ዘመን ላቆላምጥ አልፈልግም። የቀድሞው ቤት ጭስና ቁንጫ እንደ ነበረው ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይነግሩናል። ነገር ግን በድሀው ቤት እንኳ ክፍሉን ለሚኖርበት ሰው የማስጌጥ ብልሃት ነበር። በአዲስ አበባ የጭቃ ቤት ግድግዳ በጋዜጣ ይለበጥ እንደ ነበር ብዙዎቻችን አይተናል፤ ዛሬም በአንዳንድ ቤት አልጠፋም። በ1933 ዓ.ም. መታተም የጀመረው አዲስ ዘመን ከተነበበ በኋላ በዱቄት ሙጫ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ኮርኒሱ በአቡጀዲ ወይም በተተረተረ የማዳበሪያ ጆንያ ይወጠራል። ፎቶግራፍ ያለበት ገጽ ወደ ዓይን አቅራቢያ፣ ማስታወቂያ ያለበት ወደ ታች፣ የአልጋው ራስጌ ደግሞ ተመርጦ ነው። ማንበብን የተለማመድኩት ከቤታችን ግድግዳ ነው የሚሉ ትልልቅ ሰዎች አጋጥመውኛል። ያ ግድግዳ ነፋስ ይከለክላል፣ ጭቃ ይደብቃል፣ ልጅ ያስተምራል። ዛሬ ጥቅልሉን በውድ ዋጋ ገዝተን የምንለጥፈው ባለ ጡብ ሥዕል ወረቀት ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይሠራል።

ስለ ክፍል አደራደር ከአገራችን መማር የሚፈልግ ሰው ሐረርን ይመልከት። በጁገል ውስጥ ያለው የሐረሪ ቤት ዋናው ክፍል ወንበር የለውም፤ ከወለሉ ከፍ ዝቅ ብለው የተሠሩ፣ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች አሉት። እያንዳንዱ መደብ የራሱ ስምና የራሱ ተቀማጭ አለው። የአሚር ነደባ የሚባለው ለአባወራውና ለክቡር እንግዳ ሲሆን የሚገባ የሚወጣው ሰው ከዚያ ይታያል። ትልቁ መደብ ለብዙ ሰው ነው፤ ትንሹ መደብ ለሌላ፤ ከዓይን የተሸሸገው መደብ ደግሞ ዕረፍት ለሚሻ ሰው ነው። ከግድግዳው ውስጥ መጽሐፍና ዕቃ የሚቀመጥባቸው ጉድጓዶች ተበጅተዋል። ከዚያ በላይ ግድግዳው ሴቶቹ በሰፉት ሰፌድና ሙዳይ፣ በሳሕንና በጎድጓዳ ዕቃ ይሸፈናል። ወለሉና የመደቡ ጠርዝ ቀይ አፈር ይቀባል፤ ይህም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በቤቱ ውስጥ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ብለው ያጫውታሉ። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ ግንቡና መስጊዶቹ ብቻ ሳይሆኑ እነዚህ ቤቶችም የተቈጠሩለት በከንቱ አይደለም።

እዚህ ላይ ልብ እንዲባልልኝ የምፈልገው፣ የሐረሪ ቤቶችም እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። መደቡ ያው ነው፤ ቀለሙ ያው ነው። ነገር ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌት የእገሊት ነው፤ የእናቷ ነው፤ ለሠርጓ የተሰጣት ነው። አዋቂ ሰው ገብቶ ቀና ሲል የቤቲቱን ሴት የእጅ ጽሕፈት እንደሚያነብ ያህል ያነበዋል። እንግዳም ይከበራል፣ የቤቱም ሰው አይሰደድም፤ አንዱ ክፍል ለሁለቱም ተበጅቷል። እኛ «ሳሎን» የሚለውን ቃል ስንዋስ ይህን ብልሃት ጥለን የተዋስነው ይመስለኛል።

ለምን ጣልነው? ለእኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ድህነት አይደለም፤ ንቀት ነው። ቤታችንን የሚያስጌጠውን ነገር የሚሠሩትን ሰዎች ለብዙ ዘመን ስንንቅ ኖረናል። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን፣ ቆዳ ፋቂውን እየሰደብን በሠሩት ለበስን፤ በሠሩት በላን። ከጎንደር አጠገብ ባለችው በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች የሚሠሩት ሸክላ በየቤቱ ይገባ ነበር፤ ሠሪዎቹ ግን ቡዳ ይባሉ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድበውን ሰው የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ንጉሥ አዋጅ የሚያስነግረው በሽታው ሲበረታ ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛም ዛሬ ማንንም ፊት ለፊት አንሳደብም። ነገር ግን በሽሮ ሜዳ ለተቀመጠው የጋሞ ሸማኔ ለአንድ ጋቢ የተናገረውን ዋጋ ግማሽ አድርገን እንከራከራለን፤ ከባሕር ማዶ ለመጣው ብርድ ልብስ የተለጠፈውን ዋጋ ሳንናገር ከፍለን እንወጣለን። ስድቡ ከአፍ ወደ ኪስ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስድስት ኪሎ የሚማር ሁሉ በፊቱ የሚያልፈው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በሚገኝበት በዚያ ሕንፃ ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መኝታ ቤት ለጐብኚ ተጠብቆ ይታያል። በዚያው ሕንፃ ውስጥ ደግሞ ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰበው መሶብ፣ ቅል፣ ሽመና፣ ጌጣ ጌጥ ተደርድሯል። መኝታ ቤቱን አይቶ የመሶቡን አዳራሽ የሚያይ ሰው ሁለት አገር የጐበኘ ይመስለዋል፤ የመኝታ ቤቱ ዕቃ በአውሮፓ ስልት የተሠራ ነውና። ላይኛው ሰው እንዲህ ካስጌጠ መኳንንቱ ተከተለ፤ መኳንንቱን ነጋዴው ተከተለ፤ ነጋዴውን እኛ። አብዮቱ መኳንንቱን ካስወገደም በኋላ ሶፋቸው በምኞታችን ውስጥ ቀረ።

በአንጻሩ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ያሠራውን ቪላ አልፋ የተባለውን ቤቱን ራሱ ነድፎ፣ መኖሪያውንም መሥሪያውንም አንድ አድርጎ፣ በ2004 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ኖሮበታል። ከውጭ ሲያዩት የጎንደርን ግንብ ያስታውሳል። አፈወርቅ በአውሮፓ የተማረ ሰው ነበር፤ ያየውን ሁሉ ይዞ መጣ፤ ቤቱን ግን ለማንም አላስመሰለም። ቤቱ ለብዙዎቻችን ዓይን ይበዛ ይሆናል፤ ቢሆንም የማን ቤት ነው ተብሎ ማንም አይጠይቅም።

እስካሁን የተናገርኩትን የሰማ ሰው ቶሎ ብሎ «ገባኝ፤ የባህል ዕቃ ይደርደር ነው የምትለው» ይለኛል። ከዚህ እንዲያድነኝ እለምናለሁ! አሁን የመጣው ልማድ ይኸው ነው። በሳሎኑ አንድ ጥግ ላይ የማይፈላበት ጀበና፣ የማይቀረብበት ትንሽ መሶብ፣ ከሱቅ የተገዛ ጋሻና ሁለት ጦር ይቀመጥና «የባህል ጥግ» ይባላል። ከረከቦቱ ሥር የሚነጠፈው ቄጠማ ሳይቀር ላስቲክ ሆኗል፤ አይደርቅም፣ አይሸትም፣ በየሳምንቱ ይታጠባል። የሆቴል መግቢያ ለአገር ጐብኚ እንዲህ ቢያደርግ ሥራው ነው። በራሱ ቤት የራሱ ጐብኚ የሆነ ሰው ግን ያሳዝናል። ጋሻው የማን ጋሻ ነው? አያትህ ዘምተውበት ከሆነ ስቀለው፤ ጭረቱንም አትቀባው። ከሱቅ ከሆነ ግን ከቡፌው ብርጭቆ በምን ይሻላል?

በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ጓደኞቼ ደግሞ የሚያጫውቱኝ አለ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በዚህ ከተማ የተሠሩት እነዚያ ቤቶች ሳሎናቸው ጠባብ ነው፤ ዕድለኛው ቁልፉን ሲቀበልም ብዙ ነገር ሳይጨርስ የሚቀርበት ቤት ነው። መጀመሪያ የሚሠራው ምንድር ነው? ጂፕሰም። ኮርኒሱ እንደ ኬክ ተደርቦ ተጠርቦ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይገባለታል። ቀጥሎ ለትልቅ ቪላ የተሠራ ባለ ማዕዘን ሶፋ በስንት ሰው ሸክም፣ በሩ ተነቅሎ፣ በደረጃ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በሳሎኑ ውስጥ መንቀሳቀስ የሚቻለው በጎን ነው። የጅማ አናጢ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ለእንዲህ ያለ ቤት የተፈጠረ ነበር፤ ይነሣል፣ ይደረደራል፣ ለሲኒ ማስቀመጫ ይሆናል፣ ወለሉ ጐርበጥባጣ ቢሆን እንኳ አይነቃነቅም። እሱን ግን የምናገኘው በስጦታ ዕቃ መደብር ነው።

ሳሎን የሌለው ሰውስ? እውነቱን ለመናገር በዚህ ከተማ ሳሎንና መኝታ ቤት ተለይተውለት የሚኖር ሰው ብዙ አይደለም። አንድ ክፍል ነው፤ አልጋው በመጋረጃ ይጋረዳል፤ ምድጃው ከበሩ ጀርባ ነው፤ ሣጥኑ ቀን መቀመጫ፣ ማታ የልጅ አልጋ ይሆናል። የሰው ብልሃትና ጣዕም ጎልቶ የሚታየኝ ግን በእንዲህ ያለው ቤት ነው። ከአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ትርፍ ዕቃ አይኖርም፤ ያለው ሁሉ ተመርጦ ያለ ነው። የጋረደችው የአልጋ ልብስ ላይ የጠለፈችው ጽጌረዳ፣ በመደርደሪያው ወረቀት ላይ በመቀስ ያወጣችው ጥርስ፣ በቆርቆሮ ጣሳ የተተከለው ጤናዳም፣ ማንም የውስጥ አስጌጭ ያላስተማራት ጥበብ ነው። የሚያሳዝነው እሷን የሚያግዳት ሌላ ነገር መኖሩ ነው። አከራይዋ «ምስማር አትምቺ» ይላታል። ግድግዳውን እንዳትቀባ ይከለክላታል፤ ከቀባችም «ቤቱ አምሯልና» ብሎ ኪራይ ይጨምርባታል። የቀበሌ ቤት ተከራይም ችግሩ የተለየ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ የእኔ ያልሆነውን ላድስ ወይስ ይፍረስ እያለ ስንት ዘመን ኖሯል፤ ዛሬም መልሶ ማልማት መጣ ሲባል ቀለም የገዛበትን ገንዘብ ይቈጥራል። የነገው የማይታወቅ ሰው ቤቱን አያስጌጥም። ስለ ጣዕም የሚጽፍ ሰው ይህን ከዘለለ ለባለ ቪላዎች ብቻ ጻፈ ማለት ነው። ለተከራይ አንድ ምስማር የመምታት መብት፣ ቀላል ቢመስልም፣ በውል ሊጻፍ የሚገባው ነገር ነው፤ የሕግ ተማሪዎች ቢያስቡበት እወዳለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ጕዳይ ልምጣ፤ ወደ መጽሐፍ። በብዙ ቤቶች ውስጥ ትምህርቱን የጨረሰው ልጅ ፎቶግራፍ ከሁሉ በላይ ተሰቅሎ፣ ተምሮ የጨረሰባቸው መጻሕፍት ግን በካርቶን ታስረው ከአልጋ ሥር ይተኛሉ። አይጥ ይማርባቸዋል። ቡፌው ባለ አራት መደርደሪያ ነው፤ ለመጽሐፍ የሚሆን ግን አንድም የለም። ካባውን እናሳያለን፤ ካባው የተገኘበትን ነገር እንደብቃለን። የሥራ ጠረጴዛ፣ በጎኑ መብራት፣ ከበላዩ ሁለት ጣውላ መደርደሪያ ያለው ሳሎን ስንቶቻችን አይተናል? ዋጋው የሶፋውን አንድ እግር አያህል። እንግዲህ «ቤታችን የተማረ ሰው ቤት ነው» ለማለት የተሰቀለ ፎቶግራፍ እንጂ የሚነበብ ነገር የሌለው ክፍል ከምን ይቈጠር?

በቤታችን ባለፈው ክረምት የሆነውን ልናገር፤ ለምሳሌነት እንጂ ለመመጻደቅ አይደለም። ታናሽ እኅቴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ነበረች። የምታጠናው ከእናቴ አልጋ ላይ ነበር። የሳሎናችን መስኮት ወደ ምሥራቅ ነው፤ የጧት ፀሐይ በደኅና ይገባበታል፤ ከፊቱ ግን ቡፌው ስለ ቆመ ብርሃኑን የሚያገኙት ብርጭቆዎቹ ነበሩ። ቡፌው ወደ ኋላኛው ግድግዳ ይዛወር፣ በመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ይግባ ስንል እናቴ «እንግዳ ሲመጣ ምን ይላል?» አለች። እኅቴ ደግሞ «እንግዳው ይፈተንልኛል?» አለቻት። ሁለት ቀን ተኳረፉ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ራሷ ብርጭቆዎቹን በጨርቅ እየጠቀለለች ማውጣት ጀመረች፤ ማንንም እንዲነካቸው አልፈቀደችም።

ጠረጴዛው ገባ። አናጢው ሁለት ጣውላ ገጠመልን፤ መጻሕፍቱ ከአልጋ ሥር ወጡ። ከቁም ሣጥኑ ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ የነበረው የአያቴ መሶብ ወረደ። አያቴ ስንደዶውን ከየት እንዳመጡት፣ አክርማውን በምን ቀለም እንደ ነከሩት፣ አለላውን ለመጨረስ ስንት ጾም እንዳለፈ እናቴ ያን ቀን ነገረችን፤ ከዚያ በፊት ጠይቀናት አናውቅም ነበር። እሑድ እሑድ እንበላበታለን፤ ወጥ ስለ ነጠበበት እናቴ ትቈጣለች፤ ይሁንና መልሳ አልሰቀለችውም። በጣም የገረመኝ ግን አባቴ ነው። በወጣትነቱ የመንገድ ቀያሾች ረዳት ሆኖ በየበረሃው ሠርቷል። ስለ ሳሎኑ ማንም አሳቡን ጠይቆት አያውቅም። ከሣጥኑ ውስጥ በአራት የታጠፈ፣ የሠራባቸው መንገዶች በቀይ እርሳስ የተሰመሩበት ካርታ አውጥቶ «ይኽ የሚሰቀልበት ቦታ ይኖር ይሆን?» አለ። በመስተዋት አስገብተን ከላስቲክ አበባው ቦታ በላይ ሰቀልነው። አክስቴ ለበዓል በመጣች ጊዜ ከበሩ ላይ ቆማ ዙሪያውን አየችና «ቤቱን ልትለቁ ነው እንዴ?» አለች። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ግን ከካርታው ፊት አልተነሣችም፤ አባቴ ስለ አዋሽ ሸለቆ ሙቀት ሲያወራ ከብዙ ዓመት በኋላ ሰማሁት።

ለዚህ ሁሉ የወጣው ገንዘብ የጣውላውና የመስተዋቱ ነው። ማንም ከሌላ ቤት አምጥቶ ሊገለብጠው የሚችል ነገር ደግሞ የለበትም፤ ሌላው ቤት ያ መሶብና ያ ካርታ የለውምና። ሌላው ቤት የራሱ አለው። የአንዱ አባት ሾፌር ነበሩ፤ የአንዷ እናት ለሰፈር ሁሉ ጠጅ የጣሉ ባለሙያ ናቸው፤ የአንዱ አጎት ድምፅ መቅጃ ጠጋኝ ነው። ይህ ሁሉ ሕይወት በሣጥን ውስጥ ተዘግቶ፣ ከመርካቶ የተገዛ የላስቲክ ጽጌረዳ ጠረጴዛውን ይዟል።

ቡፌው አሁንም አለ። እናቴ ብርጭቆዎቹን በሙሉ መልሳ ደርድራለች፤ የታችኛውን አንዱን መደርደሪያ ብቻ ለመዝገበ ቃላቱ ለቃልናለች፤ ስለ ቀሩት ሦስቱ ገና እየተከራከርን ነው። በጅማ፣ በድሬዳዋ፣ በመቀሌ፣ በአርባ ምንጭ ቤታቸው የሆኑ ጓደኞች በየሳሎናቸው ምን እንዳለ፣ ማን እንዳስገባውና ማን እንዳስወጣው ቢጽፉልን ለማንበብ እጓጓለሁ፤ የመጽሔቱ አዘጋጆችም ለዚህ የሚሆን አንድ ገጽ አያጡም።